ውሃ ውስጥ ሆኖ የጠማው ዓሣ

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ሲባል ማንም ስለ ዓሣ አያስብም። የባሕር ዓሣ ኑሮ ግን ቃል በቃል እንደዚያ ነው። ዙሪያውን ውሃ ከቦት ዕድሜ ልኩን ከጥም ጋር ይታገላል። ቤታችሁ ባለው አኳሪየም ውስጥ አንድ ስስ የባሕር ዓሣ ቀለሙ ገርጥቶ፣ ጥግ ይዞ፣ ምግብ አልነካም ሲላችሁ መጀመሪያ ይህን አስቡ። ዓሣው ፈርቶ ብቻ አይደለም፤ ጠምቶታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ገደማ ጨው አለ። በዓሣው ደም ውስጥ ያለው ጨው ግን የዚያ ሲሶ ቢሆን ነው። ውሃ ደግሞ በስስ ሽፋን በኩል ጨው ወደበዛበት መሄድ ይወዳል። የተቆረጠ ቲማቲም ላይ ጨው ስትነሰንሱ ውሃውን እንደሚተፋው ማለት ነው። ዓሣው የሚተነፍስበት ስንጥብ እጅግ ስስ ስለሆነ፣ የሰውነቱ ውሃ ቀን ከሌት በዚያ በኩል ሹልክ እያለ ይወጣል። ስለዚህ የባሕር ዓሣ ይጠጣል። ያለማቋረጥ ይጠጣል። የጠጣው ውሃ ጨዋማ ነውና ትርፉን ጨው ስንጥቡ ላይ ባሉ ልዩ ሕዋሳት መልሶ ወደ ውጭ ይገፋል። ኩላሊቱም ጥቂት ብቻ እየሸና ውሃ ይቆጥባል። የወንዝ ዓሣ ተቃራኒው ነው። እሱን የሚያስቸግረው የሚገባበት ውሃ ስለሆነ እምብዛም አይጠጣም፤ ሲሸና ይውላል።

ይህ ሁሉ ጉልበት ይፈጃል። ጤነኛ ዓሣ ጉልበቱን ከምግብ ያገኛል፣ ሒሳቡም ይዘጋል። ሲደነግጥ ግን ሒሳቡ ይዛባል። አድሬናሊን የሚባለው ሆርሞን ደሙን ወደ ስንጥቡ ያጎርፈዋል፤ ለማምለጥ የሚያስፈልገውን ኦክስጅን የሚያገኘው በዚያ ነው። ችግሩ በዚያው በር ውሃው ከበፊቱ ፈጥኖ ይወጣል፣ ጨውም ይገባል። ድንጋጤው የደቂቃዎች ከሆነ ግድ የለም። ለቀናት ከቀጠለ ግን ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ከፍ እንዳለ ይቆያል። የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፣ በሽታ የመከላከል አቅም ይደክማል። የማይበላ ዓሣ ጨው የሚገፋበት ጉልበት ያጣል። ጨው መግፋት ያቃተው ዓሣ ደግሞ ይደርቃል። «በሽታ ገደለው» የምንለው ዓሣ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ እዚህ ዙር ውስጥ የገባ ነው።

ተጨንቋል ወይስ ተኝቷል?

የዓሣ ፊት አይነበብም። የሚነበበው ትንፋሹ ነው። የስንጥቡ ክዳን በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ ቁጠሩ። ለሁሉም ዓሣ የሚሠራ አንድ ቁጥር የለም። ትንሽ ዓሣ ከትልቅ ይፈጥናል፣ ሞቅ ባለ ውሃ ደግሞ ሁሉም ይፈጥናሉ። ስለዚህ ቁጥሩ የሚመዘገበው ዓሣው ደህና በሆነበት ቀን ነው። ደህና ሲሆን 70 የነበረ ዛሬ 120 ከሆነ የሆነ ነገር አለ። እኔ የእያንዳንዱን ዓሣ ቁጥር ስልኬ ላይ ጽፌ አስቀምጣለሁ። ቤት ውስጥ ይሳቅብኛል። ይሳቁ።

ሌሎችም ምልክቶች አሉ። ክንፉን ሰብስቦ ከሰውነቱ ጋር ማጣበቅ። ውሃው አናት ላይ ወጥቶ አፉን መክፈትና መዝጋት። ውሃ የሚተፋው ፓምፕ ፊት ተገትሮ መዋል። ድንጋይ ላይ መታከክ። ከመስታወቱ ጋር እየተጋፋ ላይ ታች ማለት። አንዱ ብቻ ከታየ ብዙ አይነግርም፤ ሁለት ሦስቱ አብረው ሲመጡ ነው ጉዳዩ።

ቀለም ግን ያሳስታል። ፎክስፌስ የሚባለው ቢጫ ዓሣ ሌሊት ቡናማ ዝንጉርጉር ሆኖ ይተኛል። በእኩለ ሌሊት መብራት ያበራ ሰው «ዓሣዬ ሊሞት ነው» ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ጠዋት ሲያየው ምንም አልሆነም። አሸዋ ውስጥ ተቀብረው የሚተኙ ዓሦችም አሉ። አዲስ ቤት ሲገቡ ለቀናት ተቀብረው ሊቆዩ ይችላሉ። እነዚህን ቆፍሮ ማውጣት ከሁሉ የከፋ ስህተት ነው።

መጀመሪያ ውሃው

ዓሣው ላይ ምንም ከማድረጋችሁ በፊት ውሃውን ለኩ። ብዙ ሰው መጀመሪያ መድኃኒት ፍለጋ ይሮጣል። እኔም ሮጫለሁ። ያኔ መድኃኒቱን ጨምሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው የውሃ ማሞቂያው ተበላሽቶ እንደነበር ያየሁት።

ከኦክስጅን ጀምሩ፤ ለመለካት ሳይሆን ለመጨመር። በ25 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሊትር የወንዝ ውሃ ከ8 ሚሊግራም ትንሽ የሚበልጥ ኦክስጅን ይይዛል። የባሕር ውሃ በዚያው ሙቀት 7 አይሞላም። ጨውም ሙቀትም ኦክስጅንን ያባርራሉ። ሌሊት ላይ ደግሞ አልጌውና ኮራሉ (ድንጋይ የሚመስለው የባሕር እንስሳ) ኦክስጅን መሥራት አቁመው ተጠቃሚ ብቻ ይሆናሉ። ስለዚህ የፓምፑን አፍ ወደ ላይ አዙራችሁ የውሃው ገጽ እንዲናወጥ አድርጉ፣ ወይም የአየር ፓምፕና አየሩን በደቃቅ አረፋ የሚበትን የአየር ድንጋይ አስገቡ። ወጪው ትንሽ ነው፣ ጉዳት የለውም፣ ትንፋሽ ያጠረውን ዓሣ ወዲያው ይረዳል።

ቀጥሎ ሙቀት። ለአብዛኛው የኮራል ሪፍ ዓሣ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ጥሩ ነው። እዚህ ላይ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን መወዛወዙም ይጎዳል። ቀን 28፣ ሌሊት 23 የሚል ገንዳ ሁልጊዜ 27 ከሆነ ገንዳ ይብሳል።

ጨዋማነት ላይ አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። የተለመደው መጠን በሊትር 35 ግራም ገደማ ነው፤ ውሃው ከንጹሕ ውሃ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያሳየው መለኪያ 1.025 ወይም 1.026 ይላል። ዓሣ ጨው ሲቀንስለት በቀላሉ ይለምዳል፤ ሲጨመርበት ግን ይቸገራል። ምክንያቱን አሁን ታውቁታላችሁ፤ ጨው በጨመረ ቁጥር ጥሙ ይጨምራል። አዲስ ወይም የታመመ ዓሣ ለብቻው በሚቆይበት ማቆያ ገንዳ ውስጥ፣ ያለው ዓሣ ብቻ ከሆነ፣ ጨዋማነቱን ወደ 1.021 ወይም 1.022 ዝቅ ማድረግ የደከመውን ዓሣ ሸክም ያቀልለታል። ኮራልና ሽሪምፕ ባለበት ግን ይህን አትሞክሩት፤ እነሱ አይችሉትም። መልሳችሁ ስትጨምሩ በቀን ከ0.001 ወይም 0.002 አትለፉ።

ከዓሣው ቆሻሻና ከተረፈ ምግብ የሚመጣው መርዝ፣ አሞኒያ፣ ዜሮ መሆን አለበት። «ትንሽ ነው» የሚባል አሞኒያ የለም። ከተገኘ ከውሃው ሩቡን ያህል ቀይሩ። አዲሱ ውሃ በሙቀትም በጨውም ከአሮጌው ጋር እኩል ይሁን። ጨዉ ከተበጠበጠ በኋላም ለሰዓታት አየር እየተነፋበት የቆየ ቢሆን ይመረጣል። የፒኤች ቁጥርን (ዝቅ ሲል ውሃው አሲዳማ ነው ማለት ነው) ግን በኬሚካል እያሳደዳችሁ አታስተካክሉ። 8.0 ላይ ተረጋግቶ የቆመ ፒኤች፣ 8.3 ለማድረስ ከሚዘል ፒኤች ይሻላል።

ከረጢቱ ውስጥ ያለው ወጥመድ

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር። ዓሣ ከሩቅ ቦታ በፕላስቲክ ከረጢት ተጭኖ ሲመጣ፣ «ቀስ ብሎ ይልመድ» ተብሎ ከረጢቱ ይከፈትና የገንዳው ውሃ ጠብ ጠብ ይደረግበታል። ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት። አሳቢነት ይመስላል። ዓሣው ከሱቅ የመጣና ከረጢት ውስጥ የቆየው ለአንድ ሰዓት ብቻ ከሆነ ጉዳት የለውም። አንድ ቀን ሙሉ ተጉዞ ከሆነ ግን ሊገድለው ይችላል።

ለምን? ዓሣው ከረጢቱ ውስጥ ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀማል፣ ውሃውም አሲዳማ ይሆናል። ከስንጥቡ የሚያስወጣው አሞኒያም አብሮ ይጠራቀማል። አሞኒያ ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ መርዛም ነው፣ ሌላው ይህን ያህል አይጎዳም። አሲዳማ ውሃ ውስጥ አብዛኛው በማይጎዳው መልክ ይቆያል። እናም ዓሣው በራሱ ቆሻሻ ውስጥ ተቀምጦ፣ ያው ቆሻሻ ባመጣው አሲድ ምክንያት በሕይወት ይደርሳል። ከረጢቱ ሲከፈት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በኖ ይወጣል። ፒኤቹ ሽቅብ ይሄዳል። ፒኤች በአንድ ቁጥር ሲጨምር የመርዛማው አሞኒያ ድርሻ 10 እጥፍ ገደማ ያድጋል። ዓሣው መንገዱን ሁሉ ተርፎ እቤታችሁ ደጃፍ ላይ ይቃጠላል።

ስለዚህ ከሩቅ ለመጣ ዓሣ እንዲህ አድርጉ። የታሰረውን ከረጢት ገንዳው ላይ 15 ወይም 20 ደቂቃ አንሳፉት፤ ሙቀቱ ይስተካከላል። ከዚያ ክፈቱና የከረጢቱን ጨዋማነት ለኩ። ማቆያ ገንዳው በዚያው ጨዋማነት ተዘጋጅቶ ሊጠብቀው ይገባል። ዓሣውን ብቻ አውጥታችሁ ወደ ገንዳው አስገቡ፤ የከረጢቱን ውሃ ድፉት። ጨዋማነቱን ወደ ተለመደው የማድረሱ ሥራ በሚቀጥሉት ቀናት ይሠራል።

ስታወጡት በመረብ ሳይሆን በፕላስቲክ ዕቃ ወይም በእርጥብ እጅ ቢሆን ይመረጣል። ዓሣ ቆዳው ላይ ልጋግ አለው። ያ ልጋግ ልብሱም ጋሻውም ነው። መረብ ይገፈዋል። እንደ ታንግ ያሉ ጅራታቸው አጠገብ ስለት ያላቸው ዓሦች ደግሞ መረቡ ላይ ይያዛሉ፣ ሲፈራገጡም ይቆስላሉ።

ተዉት

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለው ተረት እዚህ ይሠራል። ዓሣው ከተደበቀ፣ መደበቁ ሕክምናው ነው። በባትሪ እያበራችሁ «የት ገባ?» አትበሉ። የመጀመሪያውን ቀን መብራቱን አጥፉ፤ ከክፍሉ የሚገባው ብርሃን ይበቃዋል። የገንዳውን ሦስት ጎን በወረቀት ሸፍኑ። መስታወቱን ማንም እንዳያንኳኳ፣ በተለይ ሕፃናት። ዓሣ በጎኑ ላይ ከራስ እስከ ጅራት የተዘረጋ፣ የውሃን ንዝረት የሚያውቅ የስሜት መስመር አለው። ለእኛ «ኳ» የሚለው ድምፅ ለእሱ ጥፊ ነው።

መደበቂያ በዛ ማለት ዓሣ ይጠፋል ማለት አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። የሚሸሽበት ቀዳዳ በቅርቡ እንዳለ የሚያውቅ ዓሣ በድፍረት ይወጣል። መደበቂያ የሌለው ጥግ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። በማቆያ ገንዳ ውስጥ የፕላስቲክ ቧንቧ ክርንና ቁራጭ ይበቃል። አያምርም፤ ለዓሣው ግን ቤት ነው።

ያስጨነቀው ሌላ ዓሣ ከሆነስ? ብዙ ሰው ተበዳዩን ይይዝና ወደ ሌላ ገንዳ ያስገባል። እኔ በዚህ አልስማማም። ተበዳዩ ላይ ድንጋጤ መደራረብ ነው። የሚወጣው ጉልበተኛው ነው። ቀዳዳ ባለው ግልጽ ሳጥን ውስጥ ለሳምንት ያህል ለብቻው ይቀመጥ። እሱ እስር ላይ እያለ የድንጋዮቹን አቀማመጥ ቀይሩ። ሲፈታ የእኔ የሚለው ግዛት አይኖረውም፤ እሱም እንግዳ ይሆናል። ለታንግ ደግሞ ከመስታወቱ ውጭ መስታየት መለጠፍ ይረዳል። የራሱን ምስል ሲጣላ ይውላል፣ አዲሱ ዓሣ ፋታ ያገኛል።

አልበላም ሲል

ከሁሉ የሚያስቸግረው ይህ ነው። ኮፐርባንድ የሚባለውን ዓሣ እንደ ምሳሌ ልውሰድ። ብርማ ሰውነት ላይ የመዳብ ቀለም ያላቸው ሰንበሮች፣ እንደ ወፍ የረዘመ አፍ፣ ጀርባው ላይ ጠላትን የሚያታልል የውሸት ዓይን። ሲያዩት ያሳሳል። ግን ያ ረጅም አፍ የተሠራው ከድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ትንንሽ ትሎችንና ሌሎች ደቂቅ ፍጥረታትን ለቅሞ ለማውጣት ነው። በትውልድ ሪፉ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲለቅም ይውላል። እናንተ ደግሞ በቀን አንዴ ደረቅ ብጥስጣሽ ውሃው ላይ ትበትኑለታላችሁ። ምግብ መሆኑን አያውቅም። አኩርፎ አይደለም፣ በቃ አያውቅም።

ስለዚህ ምግቡን እሱ በሚያውቀው መልክ አቅርቡ። ክላም ወይም መስል የሚባሉትን ባለቅርፊት የባሕር እንስሳት ጥሬያቸውን ከነቅርፊታቸው ከፍታችሁ ድንጋይ መሃል ሰኩለት። በበረዶ የደረቀ ማይሲስ የሚባል ትንሽ ሽሪምፕ አቅልጣችሁ በቀጭን ቱቦ ስንጥቆቹ ውስጥ አስገቡለት። አርቴሚያ የሚባለው ደቃቅ ሽሪምፕ በሕይወት ካለ ስለሚንቀሳቀስ ዓይኑን ይስባል። አርቴሚያ ብቻውን ግን ከሲታ ምግብ ነው፤ አስቀድሞ በአልጌ ወይም በቅባት የበለጸገ መሆን አለበት። አንዱን መብላት ከጀመረ በኋላ ሌላውን በመሃል ቀላቅሉ። በትንሽ በትንሹ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ። የተረፈውን ከሰዓት በላይ አታቆዩ፣ አሞኒያ ይሆናል።

መክሳቱን ከጎን አታዩትም፤ ጠፍጣፋ ዓሣ ከጎን ሁሌም ሙሉ ነው። ፊት ለፊት እዩት። ከዓይኑ በላይ ያለው ጀርባው እንደ ቢላ ስለት ከቀጠነ፣ ሆዱም ከተሰረጎደ ሰዓቱ እየሄደ ነው።

ማንዳሪን የሚባለው ትንሽ ባለቀለም ዓሣ ከዚህም ይብሳል። ኮፔፖድ የሚባሉ ደቂቅ ፍጥረታትን እያደነ ስለሚኖር፣ ትልቅና የቆየ ገንዳ ከሌላችሁ በሁለት ሳምንት ጠርጎ ይጨርሳቸዋል። ከዚያ በረሃብ ቀስ በቀስ ይከሳል። በሰው እጅ ተፈልፍሎ የቀዘቀዘ ምግብ የለመደ ካላገኛችሁ ተዉት እላለሁ።

መድኃኒት መቼ?

ቆዳው ላይ የጨው ቅንጣት የሚያክል ነጭ ነጥብ ካያችሁ የባሕር ኢክ የሚባለው በሽታ ሊሆን ይችላል። አምጪው ክሪፕቶካሪዮን የሚባል ጥገኛ ነው። ተንኮሉ ይኼ ነው፦ ዓሣው ላይ ከ3 እስከ 7 ቀን ይመገብና ወድቆ አሸዋው ላይ ይባዛል። ነጥቦቹ ጠፍተው ስታዩ «ዳነ» ትላላችሁ። አልዳነም፤ ልጆቹ እየተፈለፈሉ ነው። የተያዘ ገንዳ ንጹሕ እንዲሆን ከሁለት ወር በላይ ያለ ዓሣ መቆየት አለበት።

ነጥቦቹ ግን ዓሣውን ዱቄት የተነፋበት ካስመሰሉት፣ ትንፋሹም ከፈጠነ፣ ከብርሃንም ከሸሸ ቬልቬት የሚባለው ሌላ የጥገኛ በሽታ ሊሆን ይችላል። እስካሁን «ተዉት፣ ጠብቁ» ስል ቆይቻለሁ። እዚህ ላይ ግን አትጠብቁ። ቬልቬት በቀናት ውስጥ ገንዳ ሙሉ ዓሣ ይጨርሳል።

ለሁለቱም የሚታወቀው መድኃኒት መዳብ ነው፤ የሚሰጠውም በተለየ ገንዳ ብቻ ነው። መዳብ ኮራሉን፣ ሽሪምፑን፣ ቀንድ አውጣውን ይገድላል፤ ድንጋዩና አሸዋውም ይመጥጡታል። መጠኑ በመለኪያ እየታየ ቀስ ተብሎ ይጨመራል። ቅርፊት የሌለው ማንዳሪን ደግሞ መዳብን በደንብ አይችልም። ሁለት መድኃኒት በአንድ ጊዜ አትቀላቅሉ። ለትል የሚደረገው የ5 ደቂቃ የጨው አልባ ውሃ መንከርም ጠንከር ላለ ዓሣ እንጂ ለሚያጣጥር አይደለም።

አንዳንዴ ሁሉንም በትክክል አድርጋችሁም ዓሣው ይሞታል። በፊሊፒንስ ከ1960ዎቹ ጀምሮ አንዳንድ አጥማጆች የሪፍ ዓሣን ለማደንዘዝ ሶዲየም ሳይናይድ ሲረጩ ኖረዋል። እንዲህ የተያዘ ዓሣ ሱቅ ውስጥ ደህና መስሎ ቆይቶ በኋላ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት «ሲበላ አሳዩኝ» በሉ። እዚያው ቆማችሁ ትንፋሹንም ቁጠሩ። የመጀመሪያው ቁጥራችሁ እሱ ነው።

ዓሣው መብላት በጀመረ ማግስት ወደ ዋናው ገንዳ አታዛውሩት። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ማቆያው ውስጥ ይቆይ፤ በሽታ ካለ ይታያል፣ ሥጋም ይሞላል። የሚዛወርበት ቀን ሲደርስ ነባሮቹን አስቀድማችሁ አጥግቡ፣ መብራቱን አጥፉ፣ አዲሱን አመሻሽ ላይ በቀዳዳው ሳጥን ውስጥ አድርጋችሁ አስገቡት። ለአንድ ሰዓት ያህል ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ጠጋ ብላችሁ ትንፋሹን ቁጠሩ። ስልካችሁ ላይ ካለው ቁጥር ብዙ ካልራቀ ሂዱና ተኙ።